የባራሳ ሚዛን

ከዓሣ ገበያው በር፣ ከግንቡ ጥላ ስር፣
ባራሳ ይውላል ሰው ሲመዝን ለብር።
ሚዛኑ አሮጌ ነው፣ መስታወቱ ስንጥቅ፣
በፕላስተር ታስሯል ተሰብሮ እንዳይወድቅ፤
ቀይዋ መርፌ ግን ዛሬም ጤነኛ ናት፣
ማንም ይውጣባት ማን፣ አድልዎ የለባት።

ጤፉ ሲጨምር፣ ዘይቱ ሲጨምር፣ ባጃጁ ሲጨምር፣
እሱ ሰው ፈራና ቀረ በሁለት ብር።

ጠዋት ሯጮች ናቸው፣ ነጭ ጫማ ያጠለቁ፣
የሐዋሳን ሐይቅ ዳር ሮጠው በላብ የተጠመቁ፤
ይወጣሉ፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣
መርፌዋ የምትታለል ይመስል። "ቀነስኩ?" ይላሉ።
"ቀንሰዋል ጋሼ፣ ሁለት ኪሎ ሙሉ።"
ደስ ይላቸዋል፤ "መልሱን ተወው" ይላሉ።
ባራሳን ይገርመዋል፦
ገንዘብ ከፍሎ መቅለል የሚመኝ ሰው አለ፤
የእሱ ሰፈር ሕዝብ በነጻ ቀለለ።

ቤታቸው ከታቦር ጀርባ ነው። አንድ ክፍል።
እናቱ ማሪቱ የሰው ልብስ ታጥባለች፤
ሦስት ደንበኛ ነበራት፣
ሁለቱ "ኑሮ ተወደደ፣ እኛው እናጥባለን" አሏት፣
አንዷ ብቻ ቀረቻት።
ዘይት የሚገዛው በሲኒ ነው፣ ስኳር በቋጠሮ፤
ዳቦው ዋጋው ያው ነው፣ እሱስ አልጨመረም፣
ዝም ብሎ አነሰ፣
እንዳፈረ ልጅ ትከሻውን እየሰበሰበ።

ቤቴል ሦስት ዓመቷ ነው።
የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ክንዷን በጥብጣብ ለካችው፣
ጥብጣቡ ቢጫው ላይ ቆመ።
"ቀይ ቢሆን የለውዙን ቅባት እሰጥሽ ነበር" አለች፣
(መሬት መሬት እያየች ነው ያለችው)
"ለቢጫ ያለኝ ምክር ነው፦
እንቁላል ስጫት። ወተት። ሙዝም ጥሩ ነው።"
ማሪቱ ሰማች። ጥያቄ አልነበራት።
ልጅ ቀይ እስኪሆን እንዴት ይጠበቃል?

ከዚያ ወዲህ ባራሳ በብር አይቆጥርም።
አንድ እንቁላል አስር ሰው ነው።
አንድ ሊትር ወተት ሃምሳ ሰው፣ ወፍራም ቀጭን ሳይባል።
ዝናብ የዋለ ቀን እንቁላል የለም፤
ሯጮቹ የሉማ።

እሑድ ማታ እናቱ ቤቴልን አዝላ ስትመጣ
ከሩቅ አያት፣ ከዛፎቹ ስር።
ባለፈው ወር አስራ አንድ ተኩል። ባለፈው እሑድ አስራ አንድ።
ዛሬ ግን ሳይመዝናት አወቀ፤
እናቱ ነጠላ የደረበች እንጂ
ልጅ ያዘለች አትመስልም።
ከሚዛኑ ስር አንዲት ትንሽ ጥርሳም ጎማ አለች፤
በጥፍሩ ገፋት። አንድ ኪሎ ወደፊት።

ቤቴል ወጣች። መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣
አስራ አንድ ተኩል ላይ ቆመች።
"ጨመረች!" አለች እናቱ፣ አፏን በመዳፏ ይዛ፣
"አየህ? እንቁላሉ እኮ ነው!"
ሳቀች። ጥርሷን ካየ ስንት ወሩ።
ከዚያ ልጇን መልሳ እያዘለች፣
"እንግዲህ ከተሻላት" አለች፣
"የዚህን ሳምንት እንቁላል ለቤት ኪራይ እናድርገው።"

ሰኞ ጠዋት ነጭ ጫማው ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ።
"አንድ ኪሎ ጨመርኩ? ሚዛንህ ይሰርቃል! አንተ ሌባ!"
ሳይከፍል ሄደ።
(ዱቄት የሚመዘንበትን የሱቁን ሚዛን
ማንም ሌባ ብሎት አያውቅም።)

ባራሳ ጎማዋን ወደ ቦታዋ መለሰ።
አባ ኮዳ መጣ፣ የዓሣ አንጀት ጠግቦ፣
እንደ ጡረተኛ እየተንጎራደደ ከካርቶኑ ዳር ቆመ።
ይሄ ወፍ ቢመዘን ከእህቱ ብዙም አያንስ ይሆናል።

እሑድ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀረው።
"ሚዛን!" ይላል ባራሳ፣ "ሚዛን! ሁለት ብር!"
ከእሑድ በፊት አንድ ኪሎ ይፈልጋል፣ እውነተኛ ኪሎ፣
ትናንት ለእናቱ በዱቤ የሰጣትን።